ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጎተራ የማነብባቸው ጦማሮች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ስምንተኛ ዓመታችንን ይዘናል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ጎተራ አካባቢ በመሆኑ ሊነጋጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤት ወጥቼ የአውቶቡስ ሰልፍ እይዛለሁ። መንገዱ ከቀና በአንድ ሰዓት፣ ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች ከተደራረቡ ደግሞ በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ፤ የማታውም መመለሻ ከዚህ የተሻለ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ይህን ሁሉ ጊዜ ፌስቡክ ላይ አሳለፍኩት። ከአውቶቡስ ስወርድ ካየሁት ሁሉ አንዱን እንኳ መልሼ መናገር አልችልም ነበር፤ ዓይኔ ደክሞ፣ መንፈሴም በማላውቃቸው ሰዎች ጠብ ተረብሾ ክፍል እገባ ነበር። ዛሬ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጦማሮችን አነባለሁ፤ ትምህርት ቤት ስደርስም ለባልደረቦቼ የምነግረው ነገር አላጣም። የሥራ ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ ከየት እንደማገኛቸው፣ እንዴትስ እንደምመርጣቸው ደጋግመው ስለጠየቁኝ የሄድኩበትን መንገድ እንዳለ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ብሎግን በአማርኛ «ጦማር» ብለን መጥራታችንን እጅግ እወደዋለሁ። የእንግሊዝኛው ቃል እ.ኤ.አ. በ1997 «ዌብሎግ» ተብሎ ሲጀመር የድረ ገጽ መዝገብ እንደማለት ነበር፤ በ1999 አጥሮ «ብሎግ» ሆነ። ጦማር ግን በግእዝ ደብዳቤ፣ የተላከ መልእክት ማለት ነው። መዝገብን ማንም ሊይዘው ይችላል፤ ደብዳቤ ግን ላኪ አለው፣ ላኪውም የሚታወቅ ጠባይና የሚታወቅ አጻጻፍ አለው። ሰዎች ጦማር ማንበብ ለምን ይወዳሉ ተብዬ ብጠየቅ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ስለ አንድ ነገር ለዓመታት ሳይታክት የሚያስብ አንድ ሰው በየጊዜው ሲጽፍልን እንወዳለን። ዜና በማግስቱ ያረጃል፤ የዚህን ሰው ጽሑፍ ግን የምንከፍተው ዛሬ ምን አስቦ ይሆን ብለን ነው።

ወደዚህ ንባብ ያስገባኝ ኬክ ነው። ከእኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት የልደት ኬክ በትዕዛዝ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። ከኢንተርኔት ባገኙት የውጭ አገር አሠራር የጋገሩት ኬክ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መሀሉ ሲሰምጥባቸው፣ «ልጄ፣ አንቺ የሒሳብ መምህር ነሽና እስቲ ልኬቱን እይልኝ፤ እኔ ምንም አላጎደልኩም» ብለው ጠሩኝ። ልኬቱ ትክክል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልግ ቆይቼ መልሱን ያገኘሁት ከታላላቆቹ የምግብ ድረ ገጾች ሳይሆን በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በተራራ ላይ ባለች ከተማ ከምትኖር አንዲት ሴት ጦማር ነው። ይህች ሴት ከባሕር ዳርቻ ወደ ተራራው በተዛወረች ጊዜ የለመደችው ኬክ እንዴት እንደከዳት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደቀየረች፣ እሱም ለምን እንዳልሠራላት፣ ቀጥሎ ምን እንደሞከረች አንድም ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡም ገና በስሎ ሳይጠና በፍጥነት ይነፋና መልሶ ይወድቃል። ውሃም የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ እኛ ዘንድ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በመሆኑም ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ዱቄቱንና ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ የምድጃውንም ሙቀት በትንሹ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እትዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደተባለው አደረጉ፤ ኬኩም ሳይሰምጥ ወጣ።

የግፊትንና የመፍላትን ዝምድና ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ሠርቼበታለሁ። ይሁንና ያ እውቀት ከእትዬ ምድጃ ጋር ሊገናኝ የቻለው አንድ ሰው እጁ በሊጥ እንደተለወሰ የተሳሳተበትን መንገድ በቅደም ተከተል ሲያሳየኝ ብቻ ነው። መማሪያ መጽሐፍ የሚሰጠን የመጨረሻውን ድምዳሜ ነው፤ ጥሩ ጦማር ግን ወደ ድምዳሜው የሚወስደውን መንገድ ከነጠመዝማዛው ያሳያል። በዚያ ሳምንት የሴትዮዋን የቆዩ ጽሑፎች ከመጀመሪያው አንሥቼ አነበብኳቸው፤ መጋገር ሥራዬ ባይሆንም አንዱን ከጨረስኩ በኋላ ሌላውን ሳልከፍት መተው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ እትዬና እኔ አብረን የምንከታተለው ዴብ ፔረልማን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የምትጽፈውን «ስሚተን ኪችን» የተባለ የምግብ ጦማር ነው። እትዬ የወደዱላት ከምንም በላይ ስለ ጠባቧ የኒው ዮርክ አፓርታማ ኩሽና በመጻፏ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም እንደማይችል ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰዎች የምግብ ጦማሮች ወደ አሠራሩ ከመግባታቸው በፊት ታሪክ ያበዛሉ ብለው ያማርራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ገጹን በማስታወቂያ ለመሙላት ብቻ የተለጠጠ ወሬ አለ፤ እሱን መዝለል ነው። ነገር ግን ጸሐፊዋ ምግቡን ስንት ጊዜ እንደሠራችው፣ የትኛው ቅመም ሲጎድል ምን እንደሚመስል፣ ማን በልቶ ምን እንዳለ የምትነግርበት ክፍል ከልኬቱ እኩል ይጠቅማል፤ ቤታችን ያለው ቅቤና ዱቄት ከእሷ ቤት ጋር አንድ ስላልሆነ የት ላይ ማሻሻል እንደምንችል የሚነግረን እሱ ነው።

አንድ ጦማር በጣም ትንሽ ስለሆነ ነገር ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ግን ከአንዲት ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በስኮትላንድ የምትኖር ማርታ ፔይን የተባለች የ9 ዓመት ልጅ በአባቷ እገዛ «ኔቨር ሰከንድስ» የሚል ጦማር ከፈተች። የምትጽፈው በትምህርት ቤት ስለሚቀርብላት ምሳ ብቻ ነበር፤ ፎቶ ታነሳለች፣ ከ10 ነጥብ ትሰጣለች፣ ስንት ጉርሻ እንደሆነ ትቆጥራለች፣ ፀጉር ተገኝቶበት እንደሆነም ትመዘግባለች። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የአካባቢው ምክር ቤት ፎቶ እንዳታነሳ ከለከላት፤ ተቃውሞው በዓለም ዙሪያ ስለበረታ ክልከላው በማግስቱ ተነሣ። በጦማሯ አማካይነት ከ100,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ ከዚያም ላይ በማላዊ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ማብሰያ ቤት ተሠራ። ይህን ታሪክ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ስላለ የሚመዘግቡት ነገር ከፊታቸው ነበርና ለሁለት ሳምንት የየቀኑን ምግብ፣ የደረሳቸውን የዳቦ ብዛትና የጠገቡበትን ደረጃ በደብተራቸው እንዲይዙ አደረግኩ፤ በዚያም የአማካይ ስሌትን አስተማርኩበት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አማካይን እንደዚያ በፍላጎት ያሰሉ ተማሪዎች አላጋጠሙኝም።

በራሴ የሙያ መስክ የማነብባቸው ደግሞ የሒሳብ ሊቃውንት ጦማሮች ናቸው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ቴሬንስ ታኦ እ.ኤ.አ. በ2006 በሒሳብ ዓለም ከፍተኛ ክብር ያለውን የፊልድስ ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ነው፤ ጦማሩን የጀመረው በ2007 ነው። አብዛኛው ጽሑፉ ከእኔ አቅም በላይ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን ለተማሪዎች የጻፋቸው ምክሮች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ ሒሳብ ለመሥራት ሊቅ ሆኖ መወለድ ያስፈልጋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። መልሱ አያስፈልግም ነው፤ ጠንክሮ መሥራት፣ መስኩን በሚገባ ማወቅ፣ መጠየቅና ከሌሎች ጋር መወያየት ይበቃል ይላል። «እኔ ሒሳብ አይገባኝም፣ አልተፈጠርኩበትም» ለሚል ተማሪ እኔ ብነግረው ማጽናኛ ይመስለዋል፤ በሙያው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው በራሱ ጦማር እንዲህ ብሎ ጽፏል ስለው ግን ቀና ብሎ ይሰማኛል።

ቲሞቲ ጋወርስ የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ያደረገውም ከዚህ ይበልጥ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 አንድ ከባድ ጥያቄ በጦማሩ ላይ አስቀምጦ፣ የፈለገ ሁሉ ገብቶ ያልበሰለ ሐሳቡንም ቢሆን እንዲያካፍል ጋበዘ። ጥያቄው የአንድ ቀድሞ የተረጋገጠ የሒሳብ ድንጋጌ (ቲዎረም) ቀለል ያለ ሌላ ማረጋገጫ መፈለግ ነበር። በ37 ቀናት ውስጥ 27 ሰዎች ወደ 800 የሚጠጉ አስተያየቶችን ጻፉ፤ ጥያቄውም ተፈታ፤ ውጤቱም በሁሉም የጋራ የብዕር ስም ታተመ። ከተሳታፊዎቹ መካከል እንደ ታኦ ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርም ነበረበት። ይህን ያነበብኩት ሳሪስ ላይ አውቶቡሱ በቆመበት አንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። የጠመኔ አቧራ ከእጁ የማይጠፋ ሰው በዚያ ውይይት ውስጥ ቦታ አግኝቶ መዋሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። የተሳሳቱ ሙከራዎች ሳይሰረዙ እዚያው ይታያሉ፤ ታላላቆቹ እንኳ «ይህ የማያስኬድ ሆነ» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። የኮሎራዶዋ ጋጋሪና እንግሊዛዊው ሊቅ በአንድ ነገር እንደሚመሳሰሉ የገባኝም ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ያልተሳካላቸውን ሙከራ ከገጻቸው አያጠፉም።

ከቱሉ ዲምቱ ወደ መሀል ከተማ ስንሄድ ቃሊቲን ማለፋችን አይቀርም፤ ቃሊቲን ባለፍኩ ቁጥርም የማስታውሰው አንድ የአገራችን ጦማር አለ። በ2004 ዓ.ም. የተወሰኑ ወጣቶች «ዞን ዘጠኝ» የሚል የጋራ ጦማር መሠረቱ። ስሙ የመጣው ከዚሁ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ነው፤ ግቢው በስምንት ዞኖች የተከፈለ ስለነበር ከአጥሩ ውጪ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ብለው ጠሩት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የቡድኑ አባላት ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ተፈቱ። በዚያ ዘመን ብዙ ጦማሮች ከአገር ውስጥ አይከፈቱም ነበር፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ሲያስታውቅ ከእነዚያ መካከል ብዙዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጽሑፎቹን ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ አሁንም ይጠቅማል። በፖለቲካው የምንስማማና የማንስማማ እንኖራለን፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የነበሩ ወጣቶች ምን ያሳስባቸው እንደነበር በገዛ አማርኛቸው፣ ከየወሩ ስሜታቸው ጋር ተጽፎ ማግኘት ከየትም አይቻልም። መፈክሩ ውስጥ ያለችው «ስለሚያገባን» የምትለው ቃልም ከአእምሮዬ አትጠፋም፤ የማነብባቸው ጥሩ ጦማሮች ሁሉ፣ ስለ ኬክም ይሁን ስለ ቁጥር፣ የተጻፉት ጉዳዩ ከልብ በሚያገባው ሰው ነው።

የአማርኛ ጦማር አንባቢ ከሌላው የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ወደሚያውቁበት ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ሰው በየራሱ የፊደል ፕሮግራም ስለሚጽፍ ጽሑፉ በሌላው ኮምፒውተር ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ የቆዩ ጽሑፎች በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ተቀምጠዋል። እነዚህን በስልክ ማንበብ ዓይን ያደክማል፣ ዳታም ይበላል። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን ቀላል ነው። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ 2,000 ቃላት ያሉት ጽሑፍ ከነክፍተቱ 10,000 ያህል ፊደልና ምልክት ቢኖረው 30 ኪሎባይት ገደማ ነው ማለት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜጋባይት ስለማያንስ፣ አንድ ፎቶ በሚወስደው ዳታ 60 ረጃጅም ጽሑፎችን ማንበብ ይቻላል። ዳታ ውድ ነው ብለው ንባብ ለሚተዉ ወላጆች ይህን ስሌት በወላጆች ስብሰባ ላይ በሰሌዳ ጽፌ አሳይቻቸዋለሁ።

አሁን አሠራሬን ልንገር። ጦማሮችን በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም በኩል አልከታተልም፤ እዚያ የሚደርሰኝ እኔ የመረጥኩት ሳይሆን ሌላው የገፋልኝ ነው። ከዚህ ይልቅ የጦማር ማንበቢያ መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጭኛለሁ። «ፊድሊ» የታወቀው ነው፤ «ፊደር» የሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያም በነፃ ይገኛል፣ አካውንት ክፈት ብሎም አያስቸግርም። አብዛኞቹ ጦማሮች «አርኤስኤስ» በሚባል መንገድ አዲስ ጽሑፋቸውን ለእነዚህ መተግበሪያዎች ያደርሳሉ። የጦማሩን አድራሻ መተግበሪያው ላይ መለጠፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እምቢ ካለ ደግሞ ዎርድፕሬስ በተባለው የጦማር መሥሪያ የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽ (/) አድርጎ «ፊድ» (feed) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጨመር ነው። ከትምህርት ቤት ከመውጣቴ በፊት በዋይፋይ አድሰዋለሁ፤ ጽሑፎቹ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ በሌለበትም፣ ማታ መብራት በጠፋበትም አነብባቸዋለሁ። ማስታወቂያ የለም፣ የሚጮህ ቪዲዮ የለም፤ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

በጅምሬ ያጠፋሁትን ሌላው እንዳይደግመው መናገር አለብኝ። በአንድ ወር ውስጥ ከ60 በላይ ጦማሮችን ሰበሰብኩ። ያልተነበበው ቁጥር ሦስት መቶ፣ ከዚያም አምስት መቶ ሲል ማንበብ ሸክም ሆነብኝ፤ ርዕስ ርዕሱን እያየሁ ማለፍ ጀመርኩ፤ ይህም የሸሸሁት ፌስቡክ ተመልሶ መምጣቱ ነበር። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ ዘጠኝ ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። ዛሬም ከአሥራ ሁለት አላሳልፍም፤ አዲስ ሲገባ አንድ ይወጣል።

ለማስገባትም የምጠቀምበት መመዘኛ አለኝ። የአዲስ ጦማርን የመጨረሻ ጽሑፍ፣ ከመሀል አንዱን፣ ከዚያም የመጀመሪያውን አነባለሁ። የመጨረሻው ጽሑፍ ብቻውን ያታልላል፤ ማንም አንድ ጊዜ ጥሩ መጻፍ ይችላል። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳይ ግን ሰውየው እያደገ እንደሆነ፣ ሐሳቡን ሲለውጥ መለወጡን እንደሚናገር፣ ወይስ ያንኑ ወሬ እየደጋገመ እንደሆነ ይገለጥልኛል። በየጽሑፉ መጨረሻ ዕቃ የሚሸጥልኝን አላስገባም። ምንጩን ሳይጠቅስ የሌላውን ጽሑፍ የሚለጥፈውንም አላስገባም፤ አማርኛ ላይ ይህ በሽታ በርትቷል፤ አንድ ሰው ለሳምንት የደከመበት ጽሑፍ በማግስቱ ስሙ ተቆርጦ በሃያ የቴሌግራም ቻናል ይዞራል። ጥሩ ጽሑፍ ስትልኩ ከነአድራሻው ላኩ ብዬ ተማሪዎቼንም ዘመዶቼንም የምጨቀጭቀው ለዚህ ነው፤ ጸሐፊው ካልተነበበለት ቤቱ ይዘጋል።

መዝጋቱም በእውነት ያጋጥማል። የምወደው አንድ የአማርኛ ጦማር፣ ስለ ድሮ የአዲስ አበባ ሠፈሮች የሚጽፍ፣ አንድ ቀን ስከፍተው አድራሻው ለሌላ ተሽጦ የቁማር ማስታወቂያ ሆኖ አገኘሁት። በጣም አዘንኩ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ «ዌይባክ ማሽን» የተባለ ማኅደር እንዳለው ያወቅኩት በዚያ ኀዘን ነው፤ የድሮውን አድራሻ እዚያ ሳስገባ ከጽሑፎቹ ገሚሱን ከነፎቶው አገኘሁ፤ ገሚሱ ጠፍቶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የወደድኩትን ጽሑፍ እዚያው ማኅደር ላይ «አስቀምጥ» በሚለው በኩል አስመዘግባለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ መተማመንም አይገባም። ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረው ጉግል ሪደር በሰኔ 2005 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘግቷል፤ ጽሑፍ አስቀምጦ በኋላ ለማንበብ ያገለግል የነበረው «ፖኬት» ደግሞ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መባቻ ተዘጋ። የምከታተላቸውን አድራሻዎች በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በእጄ የጻፍኳቸው ስለዚህ ነው።

ዝም ያለ ጦማር ግን የሞተ ጦማር አይደለም፤ አትሰርዙት። «ሪቨርቤንድ» በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ አንዲት የባግዳድ ሴት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2003 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ስላለ የቤተሰብ ኑሮ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጎረቤት ትጽፍ ነበር። በ2007 አገሯን ጥላ ወጣች፤ ጥቂት ጽፋም ዝም አለች። ከአምስት ዓመት ተኩል ያህል ዝምታ በኋላ በሚያዝያ 2013 አንድ ጽሑፍ አወጣች፤ አድራሻዋን ያልሰረዙ ሰዎች እንደ አዲስ ደብዳቤ ደረሳቸው።

እኔም አንድ የምከታተለው ሰው አለኝ፤ በአቃቂ ወንዝና በአካባቢው ረግረግ ስለሚያያቸው ወፎች በአማርኛ የሚጽፍ፣ ስሙን የማይገልጽ። አንድ ጊዜ አሥራ አራት ወር ሙሉ ምንም አልጻፈም። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ መተግበሪያውን ስከፍት ርዕሱ ደምቆ አገኘሁት፤ ጽሑፉ «ታምሜ ነበር» ብሎ ይጀምራል። አውቶቡሱ እስኪመጣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ማታ ቤት ገብቼም በጦማሩ ላይ ባለው ኢሜይል ጻፍኩለት፤ ለስድስት ዓመት ሳነበው እንዲህ ሳደርግ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምኖር፣ የትኞቹን ጽሑፎቹን ለተማሪዎቼ እንዳነበብኩላቸው ነገርኩት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። አመስግኖኝ ሲያበቃ፣ ከፈጣን መንገዱ የክፍያ ጣቢያ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ በዚህ ወር ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ይወርዱ እንደነበር ጽፎ፣ እሱ ገና ብዙ መራመድ ስላልቻለ ዘንድሮ መጥተው እንደሆነ አይቼ እንድነግረው ጠየቀኝ። ቅዳሜ ማለዳ ከልጄ ጋር ሄድን። አርባ አንድ ቆጠርን፤ ልጄ አርባ ሦስት ነው አለች። ሁለቱንም ቁጥር ጻፍኩለት።